የወንዙ ኪራይ ለልጅ ልጅ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ በብዙ ቤት ተመሳሳይ ነገር ተደረገ። አባት የወር ደመወዙን በዓመት ከፋፍሎ ለመስጠት ፈረመ፤ እናት ከዕቁቧ ቀንሳ ቦንድ ገዛች፤ አያቶች ደግሞ ቦንዱን በልጅ ልጆቻቸው ስም አስመዘገቡ። በእኛም ቤት አባቴ ለሁለቱ ልጆቼ ገዝተውላቸዋል። ወረቀቶቹ ከልደት ምስክር ወረቀታቸው ጋር በአንድ ፖስታ ተቀምጠዋል።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዚያ ሰሞን ታላቋ ልጄ አያቷን «አባባ፣ የቦንዱ ገንዘብ ከተመለሰልን በኋላ ግድቡና እኛ ተለያየን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባቴ ሳቅ ብለው ወደ እኔ አዩ። ጥያቄው ግን እንዲሁ ተስቆ የሚታለፍ አይደለም። ቦንድ ብድር ነው። ያበደረ ሰው ዋናውንና ወለዱን ሲቀበል ሒሳቡ ይዘጋል። ወንዙ ግን ነገም ይፈስሳል፤ ተርባይኑም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይዞራል። እንግዲህ ጥያቄው ወንዝ ራሱ በየዓመቱ የሚያስገባው ኪራይ አለ ወይ? ካለስ ለማን ይከፈላል? የሚል ይሆናል።

በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ ቀድመው ካነሡትና በሕግ ከመለሱት አንዷ ኖርዌይ ናት። ታሪኩ ለእኛ ለወላጆችና ለአያቶች የሚነገር ይመስለኛል፤ ስለ ውርስ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1905 ኖርዌይ ከስዊድን ጋር የነበራትን የዘውድ አንድነት አፍርሳ ራሷን ቻለች። አገሪቱ በዚያን ጊዜ ድሃ ነበረች። ገበሬዋ ከድንጋያማ ተራራ ሥር ባለች ቁራጭ መሬት ይኖራል፤ ልጆቹም ወደ አሜሪካ ይሰደዳሉ። ሀብቷ ከተራራ ወደ ባሕር የሚወረወረው ውሃ ነበር። ያ ውሃ ደግሞ በዚያው ዘመን በድንገት ዋጋ አወጣ። ፏፏቴ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭና ኤሌክትሪኩም ማዳበሪያ ለመሥራት እንደሚያገለግል ታወቀ። ከውጭ የመጡ ባለሀብቶችም ከገበሬው ፏፏቴ መግዛት ጀመሩ። በሪዩካን ሸለቆ የሚገኘው የቬሞርክ ማመንጫ በ1911 ሥራ ሲጀምር በዓለም ትልቁ የውሃ ኃይል ማመንጫ ነበር። የተገነባውም በአብዛኛው ከስዊድንና ከፈረንሳይ በመጣ ገንዘብ ነው።

ገበሬው ፏፏቴውን የሚሸጠው ያን ጊዜ በሚመስለው ዋጋ ነው። አያቱ ወፍጮ ያዞሩበት ከነበረ ውሃ በቀር ሌላ አይታየውም። ገዢው ግን የሚያየው የመቶ ዓመት መብራት ነው። በአገራችንም ከከተማ ዳር ያለ መሬቱን በርካሽ ሸጦ፣ ብዙም ሳይቆይ በዚያው መሬት ላይ ሕንጻ ሲቆም የተመለከተ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

የኖርዌይ ፓርላማ ይህን አይቶ በ1906 አስቸኳይ ሕግ አወጣ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የድንጋጤ ሕግ» ብሎ ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ ፏፏቴ መግዛት የፈለገ የውጭ ሰው ወይም ኩባንያ አስቀድሞ ከመንግሥት ፈቃድ ማግኘት ግድ ሆነበት። በጠቅላይ ሚኒስትሩ በጉናር ክኑድሰንና በፍትሕ ሚኒስትሩ በዮሃን ካስትበርግ ዘመን፣ በ1909፣ ሕጉ ተጠናከረ። በ1917 ደግሞ ዛሬም መሠረቱ ያልተናወጠውን ቅርጹን ያዘ። ሕጉ በፈቃዱ ላይ ያኖረው ግዴታ ብዙ ቢሆንም ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ ነው። ኩባንያው ፈቃድ ሲወስድ አንድ ጊዜ ከፍሎ አይገላገልም፤ ውሃውን እስከተጠቀመበት ድረስ በየዓመቱ ይከፍላል። ገንዘቡ ለሁለት ወገን ይሄዳል፤ ከፊሉ ለማዕከላዊው መንግሥት፣ ከፊሉ ደግሞ ወንዙ ለሚፈስበትና ግድቡ ለሚነካው ወረዳ። ለአዳዲስ ፈቃዶች የተለመደው መነሻ ተመን በአንድ «የተፈጥሮ ፈረስ ጉልበት» ለመንግሥት 8 ክሮነር፣ ለወረዳዎች 24 ክሮነር ነው። የወረዳው ድርሻ የመንግሥቱን ሦስት እጥፍ ነው ማለት ነው። ተመኑም የኑሮ ውድነት እንዳይበላው በየአምስት ዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር ይስተካከላል።

«የተፈጥሮ ፈረስ ጉልበት» የሚለው ስም አያስፈራ። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችላል፤ እኔም ከልጄ ጋር አስልቼዋለሁ። አንድ ፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ጉልበት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 1,000ን ለ75 ስናካፍለው 13.33 ይመጣል። ስለዚህ በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ 13.33 ፈረስ ጉልበት አለው ማለት ነው። አሁን በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ይወድቃል እንበል። 13.33ን በ10፣ ከዚያም በ100 ስናባዛው 13,330 ፈረስ ጉልበት ገደማ ይሆናል። ይህ በ24 ክሮነር ሲባዛ ለወረዳው በዓመት 320,000 ክሮነር ያህል ያስገኛል፤ ለመንግሥት ደግሞ 107,000 ክሮነር ገደማ።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ብልሃት አለ። ክፍያው የሚታሰበው በውሃው ብዛትና በከፍታው ነው፤ ኩባንያው በዚያ ዓመት አተረፈ ወይስ ከሰረ የሚለው አይገባበትም። ቤት የተከራየ ነጋዴ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ኪራይ አይቀርለትም። የሒሳብ መዝገብ ላይ ኪሳራ መጻፍ ይቻላል፤ የተራራን ከፍታ ግን ማንም በመዝገብ ሊያሳንሰው አይችልም።

ወረዳው ገንዘቡን እንደፈለገ እንዳይበትነውም ታስቦበታል። ገንዘቡ በልዩ ፈንድ ይቀመጣል፤ በዋናነትም በአካባቢው ሥራና ንግድ እንዲስፋፋ ይውላል። ሐሳቡ ወጣቱ አገሩን ጥሎ እንዳይሄድ ነው።

ሁለተኛው ግዴታ በዓይነት የሚሰጥ ድርሻ ነው። ኩባንያው ከሚያመነጨው ኃይል እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ለአካባቢው በወጪ ዋጋ ያቀርባል። ወረዳው ለቤቶች፣ ለትምህርት ቤትና ለሕክምና የሚያስፈልገውን ያህል ይወስዳል፤ የተረፈው ለክፍለ ሀገሩ ይደርሳል። ወረዳው የደረሰውን ኃይል በገበያ ዋጋ ሸጦ ልዩነቱን ለአገልግሎት ማዋልም ይችላል። የእኛ አያቶች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻቸውም። እኩል አራሽና ሲሶ አራሽ የሚባለውን ያውቁታል። መሬቱ ያንተ፣ በሬው የእኔ፤ ሲታጨድ እንካፈላለን የሚል ውል ነው። እዚህ መሬቱ ወንዝ ሆነ፣ እህሉም መብራት።

ሦስተኛው ግዴታ ከሁሉም ይበልጥ ያስደነቀኝ ነው። በ1917ቱ ሕግ መሠረት የግል ኩባንያ የሚያገኘው ፈቃድ ቢበዛ ለ60 ዓመት ነው። ዘመኑ ሲያበቃ ፏፏቴው ብቻ ሳይሆን ግድቡ፣ ዋሻው፣ የውሃ ቧንቧውና ተርባይኑ ያለ አንዳች ካሳ ለመንግሥት ገቢ ይሆናሉ። ከዚህም ውስጥ ለወረዳው ድርሻ ሊሰጥ ይችላል። አባት ፏፏቴውን አከራየ፤ የልጅ ልጅ ግድብ ተረከበ ማለት ነው። ባለሀብቶቹ «ይህማ ያለ ካሳ መውረስ ነው» ብለው ተከራከሩ፤ የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1918 ሕጉን አጸና። ገዢው ቀድሞውኑ የሚያውቀውን ውል ፈርሞ ከገባ ወረሱኝ ሊል አይችልም የሚል ነው የነገሩ ፍሬ።

ስልሳ ዓመት በወረቀት ላይ ሩቅ ይመስላል። ግን ይደርሳል። በሮልዳልና ሱልዳል ያሉት የአንድ ትልቅ ኩባንያ ማመንጫዎች የፈቃድ ዘመናቸው በ2022 ማብቂያ ላይ የሚያልቅ ነበር። ኩባንያው ቀኑ ሳይደርስ ማመንጫዎቹን የአካባቢው ወረዳዎች ንብረት ከሆነ የኃይል ድርጅት ጋር አዋሕዶ ራሱ አነስተኛ ባለድርሻ ሆነ። ማንም ማንንም አላባረረም፤ ቀኑ በሕግ ተጽፎ ስለነበር ሁሉም ቀድሞ ተዘጋጀ።

ሕጉ ከውጭም ተፈትኗል። በ2007 የኤፍታ ፍርድ ቤት፣ በግል ኩባንያ ላይ የጊዜ ገደብ እያለ በመንግሥትና በወረዳ ድርጅቶች ላይ ገደብ አለመኖሩ ከአውሮፓ የጋራ ገበያ ስምምነት ጋር አይሄድም ብሎ ፈረደ። ኖርዌይ ወንዙን ለቀቅ ታደርጋለች ብለው የጠበቁ ነበሩ። እሷ ግን በ2008 ሕጓን ወደ ሌላ አቅጣጫ አጠበቀች፤ ትልልቅ ፏፏቴዎች ላይ አዲስ ፈቃድ የሚሰጠው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ድርሻ የሕዝብ ለሆነ ድርጅት ብቻ እንዲሆን ደነገገች። ዛሬ በአገሪቱ ካለው የውሃ ኃይል የማመንጨት አቅም 90 በመቶ ያህሉ በመንግሥት፣ በክፍለ ሀገራትና በወረዳዎች እጅ ነው።

የተራራ አገር የሆነችው ስዊዘርላንድም በሌላ መንገድ እዚያው ደርሳለች። ከ1916 ጀምሮ የውሃ ኃይል ሕግ አላት፤ «የውሃ ኪራይ» ብለው የሚጠሩት ክፍያም አለ። የክፍያው ጣሪያ አሁን በአንድ ኪሎ ዋት በዓመት 110 ፍራንክ ነው። ገንዘቡ ለካንቶኖችና ለተራራ መንደሮች ይደርሳል። ፈቃዱም ቢበዛ ለ80 ዓመት ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩን በማር ብቻ ለውሼ ማቅረብ አልፈልግም። ክፍያ መኖሩ ሁሉንም በደል አይሽርም። በሰሜን ኖርዌይ የአልታን ወንዝ ለመገደብ ሲታቀድ፣ አጋዘን በማርባት የሚኖረው የሳሚ ሕዝብ ተቃወመ። በመጀመሪያው ዕቅድ ማዜ የምትባለው መንደር ውሃ ሊውጣት ነበር። መንደሯ ተረፈች፤ ግድቡ ግን ቀጠለ። በ1979 ወጣቶች በኦስሎ ፓርላማው ፊት የረኀብ አድማ መቱ፤ በ1981 መጀመሪያ 600 ያህል ፖሊሶች ተቃዋሚዎቹን ከሥፍራው አነሡ። ማመንጫው በ1987 ሥራ ጀመረ። ከዚያ ትግል ግን ሌላ ነገር ተወለደ፤ በ1989 የሳሚ ሕዝብ የራሱን ምክር ቤት አገኘ። ከዚህ የምንማረው፣ ሰው ከኪራዩ በፊት መጠየቅን እንደሚሻ ነው። ቤትህን አከራይልሃለሁ የሚል ዘመድ መጀመሪያ «ፈቃድህ ነው ወይ?» ማለት አለበት።

ወደ ራሳችን ልመለስ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከአንድ ነባር የውሃ ኃይል ማመንጫ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ይኖራሉ። ከፍተኛው የኤሌክትሪክ መስመር በማሳቸው ላይ ያልፋል። ልጅ ሳለሁ ለክረምት ስሄድ ሌሊት የመስመሩን እዝዝታ እሰማ ነበር፤ የምናጠናው ግን በኩራዝ ነው። አጎቴ ምሬት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ «ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብለው ያልፉታል። ዛሬም ማታ ማታ የሚያበሩት በፀሐይ የምትሞላ ትንሽ መብራት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አንባብያን ታውቃላችሁ።

በሕጋችን የፈቃድና የክፍያ ነገር እንግዳ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ፈቃድና የውሃ ክፍያም ያውቃል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ም ኃይል ለማመንጨት ፈቃድ ይጠይቃል። በማዕድን በኩል ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 ከትልልቅ የማዕድን ሥራ የሚገኘው የሮያሊቲ ክፍያ የፌዴራል መንግሥቱና የክልሎች የጋራ እንዲሆን አድርጓል። የውሃ ኃይል በዚያ አንቀጽ በስም አልተጠቀሰም። ወርቅ ሲወጣ ስለ ድርሻ የሚነጋገር አገር፣ ውሃ ሲወድቅ ስለ ድርሻ ቢነጋገር ነውር አይሆንም።

ይህን ሐሳብ ለወዳጆቼ ሳነሣ ሁለት ጠንካራ መልሶች ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። የመጀመሪያው «ግድቡ የራሳችን፣ ድርጅቱም የመንግሥት ነው፤ ኪራይ ብንጨምርበት ዞሮ ዞሮ በቆጣሪያችን ላይ ይመጣል» የሚል ነው። እውነት አለው። ኖርዌይም ብትሆን የክፍያውን መጠን ዝቅ አድርጋ የያዘችው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም በላዩ ላይ ግድብ ለተሠራበት መንደር የሚደርስ አነስተኛና ቋሚ ድርሻ አንድ ነገር ነው፤ ምንም አለመድረስ ሌላ ነገር ነው። በተለይ ነገ የግል ባለሀብቶች በወንዞቻችን ላይ ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ውሉ ሳይፈረም በፊት እንጂ ከተፈረመ በኋላ ኪራይ መጠየቅ አይቻልም።

ሁለተኛው መልስ «ወንዝ የማን ነው?» የሚል ነው። ግድቡ የቆመው በአንድ ወረዳ ነው፤ ውሃው ግን የመጣው ከመቶ ወረዳ ነው። ይህም ትልቅ ነጥብ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሳ ከተሠራ ወዲህ፣ ከደጋው የሚታጠበው አፈር ሐይቁን እየሞላ አቅሙን ቀንሶበታል። በተዳፋት ማሳው ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬ ማሳውን ብቻ ሳይሆን ሳያውቀው ተርባይኑንም ያድናል። ኮስታ ሪካ ይህን አውቃ ከ1996 የደን ሕጓ ወዲህ ተራራ ላይ ደን ለሚጠብቁ ባለይዞታዎች ክፍያ ትሰጣለች፤ ከታች ያሉ የውሃ ኃይል ድርጅቶችም ለዚሁ ገንዘብ ያዋጣሉ። ስለዚህ ኪራይ ሲታሰብ ከግድቡ ሥር ያለውንም፣ ከወንዙ ራስ ያለውንም ማሰብ ይቻላል።

ወላጆችና አያቶች ይህን ነገር ለባለሙያ ብቻ እንዳይተዉት እመክራለሁ። ባሳለፍናቸው ዓመታት ልጆቻችን ስለ ግድብ የሰሙት ስንት ሜትር ከፍታ፣ ስንት ሜጋ ዋት የሚለውን ነው። ያ መልካም ነው፤ ኩራትም ነው። ነገር ግን ልጅ ሀብትን የሚያውቀው መጠኑን በመሸምደድ ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደሚከፋፈል በመጠየቅም ነው። ስለ አዲስ የኃይል ማመንጫ ዜና ሲሰማ በማዕድ ዙሪያ አራት ጥያቄ ማንሣት ይቻላል። ፈቃዱ ለስንት ዓመት ነው? በየዓመቱ ምን ይከፍላል? ክፍያው ለማን ይደርሳል? ዘመኑ ሲያልቅ ግድቡ የማን ይሆናል? አራቱን የሚጠይቅ ልጅ ነገ ወረዳ ሲያስተዳድር ወይም ውል ሲያረቅቅ የሚያደርገውን ያውቃል።

ቦንድ ለገዙልን አያቶች ምስጋና ይገባል። እነሱ ያበደሩት ግድቡ እንዲቆም ነው፤ ቆሟል። የቀረው የእኛ የመካከለኛው ትውልድ ሥራ ነው፤ ወንዙ በየዓመቱ የሚያስገባው ጥቅም በሕግ እንዲጻፍ መጠየቅና ማሳሰብ።

ዮሃን ካስትበርግ በ1926፣ ጉናር ክኑድሰን በ1928 ዐረፉ። በ1909 ባወጡት ሕግ ፈቃድ የተሰጣቸው ግድቦች የሚመለሱበት ዘመን ገና አሥርት ዓመታት ይቀሩት ነበር። ሁለቱም አንድ ተርባይን እንኳ ወደ ሕዝብ ሲመለስ ሳያዩ አለፉ። ዘመኑን ቆጥረው የጻፉት ግን ገና ላልተወለዱ ልጆች ነበርና፣ ቀኑን ያሰሉት በራሳቸው ዕድሜ አልነበረም።